አልፋ ጁሊያና ዳትሰን ኤስ ኤስ ኤስ በሐረጎ መንገድ

ደሴ ላይ የድሮ መኪና ወሬ ከተነሳ ፍርዱ ቡናው ሳይፈላ ተሰጥቶ ያልቃል፦ «አልፋ ለዓይን፣ ዳትሰን ለሥራ።» ከዚያ ወዲያ የሚከራከር የለም፤ ሰዉ ራሱን ነቅንቆ ወደ ኑሮ ውድነት ያልፋል። እኔ ደግሞ ይህ ፍርድ ተገልብጦ የተሰጠ ነው ባይ ነኝ። ሁለቱንም ነድቻለሁ፤ ያውም በአንድ መንገድ ላይ፣ ከደሴ በሐረጎ አድርጎ ኮምቦልቻ በሚወርደው። ቤቴ ደሴ፣ የሒሳብ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ያንን ቁልቁለት በሚኒባስም በሰው መኪናም ስመላለስበት ኖሬያለሁ። እንደኔ እንደኔ ጨዋዋ አልፋ ናት፤ ዱርዬዋ ዳትሰን ናት።

መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። አልፋዋ የአጎቴ ናት፤ አልፋ ሮሜዎ ጁሊያ ሱፐር፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር። አጎቴ ዕድሜውን በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የጨረሰ ሰው ነው። የቤት መኪና ሲያምረው፣ እኩዮቹ ሁሉ ቶዮታ ሲገዙ እሱ ይቺን አዲስ አበባ ከአንድ ግቢ ጓሮ አስወጥቶ፣ ላሜራዋን አስቀጥቅጦ፣ ጣርማ በርን አሻግሮ አመጣት። ዳትሰኗ የጎረቤታችን ናት፦ ዳትሰን 1600 ኤስ ኤስ ኤስ፣ የፋብሪካ ቁጥሯ 510 (ኤስ ኤስ ኤስ የ510 ጉልበተኛዋ ዓይነት ናት)። ባለቤቷ በመካኒክነት ጡረታ የወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። እሳቸውና አጎቴ እኩያ ናቸው፤ መስጊድ የሚሄዱት አብረው፣ የሚመለሱትም አብረው ነው። መኪና ላይ ግን አይተማመኑም፤ አንዱ የሌላውን መኪና የሚነካው እኔ መሀል ከቆምኩ ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲቃረብ አጎቴ የአልፋዋን ስፒንተሮጂኖ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ነቅሎ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ እህል ጎታ ውስጥ ቀበረው። ጋሼ ደግሞ አራቱንም ጎማ ፈትተው ዳትሰኗን ድንጋይ ላይ ሰቀሏት። በዚያ ሰሞን ከሰፈራችን ስንት መኪና እንደሄደ የደሴ ሰው ያውቀዋል። እነዚህ ሁለቱ ግን መሄድ የማይችሉ ስለነበሩ ቀሩ።

አሁን ወደ ብረቱ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የመኪና ታሪክ ስለሆኑ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ጁሊያ መጀመሪያ የታየችው በ1962 ጣሊያን ሞንዛ ላይ ነው፤ ሱፐር የምትባለው በ1965 ተከተለች። ዳትሰን 510 በ1967 ጃፓን ውስጥ ወጣች። ወረቀት ላይ ሁለቱን ብታስተያዩአቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አልፋዋ 1,570 ሲሲ፣ ዳትሰኗ 1,595 ሲሲ። አልፋዋ 98 የፈረስ ጉልበት፣ ኤስ ኤስ ኤስ 100። ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ዕቃ)፣ ሁለቱንም የሚገፋቸው የኋላ ጎማ ነው። ክብደታቸው አልፋዋ ከአንድ ቶን ጥቂት ከፍ፣ ዳትሰኗ ጥቂት ዝቅ ትላለች።

ኮፈኑ ሲከፈት ግን ዝምድናው ያከትማል። የአልፋዋ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው ራስ) አሉሚኒየም ነው፤ ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ባልቮላዎቹን የሚከፍት ዘንግ) አለው። የዳትሰኗ ብሎክ ብረት፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም፣ ካምሻፍቷ አንድ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ «አልፋ የዘር ነው» የሚባለውም በዚህ ነው። እኔ የማየው ሌላ ቁጥር ነው። የአልፋዋ ፒስቶን ስፋቱ 78 ሚሊሜትር ሆኖ 82 ሚሊሜትር ይመላለሳል። የዳትሰኗ ስፋቱ 83 ሆኖ የሚመላለሰው 73.3 ብቻ ነው። ረጅም የሚመላለሰው ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ አጭሩ ካልተጯጯኸ አይነቃም። እንግዲህ ለዓይን ናት የተባለችው አልፋ ናት እንደ ሥራ መኪና ከታች የምትስበው። ለሥራ ናት የተባለችው ደግሞ ኩርባ በወጣች ቁጥር ጩኺ ጩኺ ይላታል።

«ለዓይን» የሚለውም አልገባኝም። ጁሊያን በደንብ አይታችኋታል? ካርቶን ናት። ፊቷ ቀጥ ያለ፣ ጣሪያዋ ጠፍጣፋ፣ ኋላዋ በመጋዝ የተቆረጠ ዓይነት። ብልሃቱ ያለው ግን እዚያው ነው፤ ኋላዋ የተቆረጠው ንፋሱ እየተጠማዘዘ ወደ ኋላ እንዳይጎትታት ነው፣ የጣሪያዋ ጠርዝ የተቦረቦረውም እንዲሁ። የንፋስ መቋቋሟ ልኬት 0.34 ነው። በዚያን ዘመን ይህ ቁጥር ከብዙ ለስላሳ ቅርጽ ካላቸው መኪኖች ያነሰ ነበር። አጎቴ ይህን ከነገርኩት ወዲህ ሚስቱ «ይቺን ሣጥን» ባለች ቁጥር «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አራት!» እያለ ይመልስላታል። እሷ ስለ ቤት ኪራይ የሚያወራ ይመስላታል።

የዳትሰኗ ታሪክ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዳትሰን ሠሪውን የኒሳንን ሽያጭ ይመራ የነበረው ዩታካ ካታያማ ፋብሪካውን ለምኖ፣ ተጨቃጭቆ፣ ትንሽ ሞተር ሊደረግባት የነበረችውን መኪና 1.6 አስደረጋት። ዓይኑ የነበረው የጀርመኗ ቢኤምደብሊው 1600 ላይ ነው። የፊት እገዳዋም የኋላ እገዳዋም (ጎማውን ከአካሏ ጋር አንጠልጥሎ የሚይዘው ክፍል) አሠራሩ ከዚያችው ጀርመን ጋር አንድ ዓይነት ነው፦ የኋላ ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተንጠልጥለዋል። በዚያ ዋጋ እንዲህ ያለ ነገር የሰጠ አልነበረም ማለት ይቻላል። አልፋዋ ግን ኋላዋ እንደ ድሮው ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ደረቅ አክስል ነው። በአክስሏ ላይ የተቀመጡት ሞላዎች ሲሆኑ፣ ከላይ ቲ ቅርጽ ያለው ክንድ ይዞታል። ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሰው «ዘመናዊዋ ዳትሰን ናት፣ አለቀ» ይላል።

ሐረጎ ግን ወረቀት አያነብም።

ከዚያ በፊት ስለ አየሩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት አሰብ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር የሚጠጣው አየር በዚያው ልክ ስለሚሳሳ፣ ጉልበቱም ሩብ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ጎረቤቶቼ «መቶ ፈረስ» እያሉ የሚፎካከሩባቸው ሁለቱም መኪኖች ፒያሳ ላይ ሲቆሙ ወደ 75 የወረዱ ናቸው። ወደ ኮምቦልቻ በወረዳችሁ ቁጥር ጥቂቱ ይመለሳል፤ ስትወጡ ይወሰዳል። የድሮ ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ያፈሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል። ከአሰብ በባቲ አድርጎ የሚመጣ አዲስ መኪና ደሴ ሲገባ እንደ ታመመ ሰው ያስል ነበር ይላል አጎቴ።

ይህን ለማስተካከል ሁለቱ መኪኖች የሚጠይቁት ነገር ሰማይና ምድር ነው፤ «ለሥራ» የሚለው ስም ለዳትሰን የተሰጣት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

አልፋዋ ሁለት ዌበር ካርቡራቶር አላት፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ጉሮሮ አላቸው፤ ለአራት ሲሊንደር አራት ጉሮሮ። በያንዳንዱ ጉሮሮ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባት፣ ቀዳዳዋ በልክ የተበሳ ትንሽ የናስ ጂግለር አለች። ቁጥሯ ላይዋ ላይ ተቀርጿል፤ 130 ካለ ቀዳዳዋ 1.30 ሚሊሜትር ነው። ለደሴ ጠበብ ያለ ያስፈልጋል። አጎቴ የሐላዋ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀመጣቸው ጂግለሮች አሉት፤ አንዳንዶቹ ጣሊያን አገር ያለ የዘመድ ልጅ በሻንጣ ያመጣቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት ጋቢውን እንደለበሰ አንዱን ፈትቶ፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ በአንድ ዓይኑ በቀዳዳዋ ያያል። ከዚያ አራቱንም ቀይሮ እስከ ሰኞ ገበያ ደርሶ ይመለስና ካንዴላውን ይነቅላል። ጫፉ እንደ ተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ ዝም ይላል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ «ያረቢ» ብሎ ቆርቆሮውን እንደገና ይከፍታል። ከዚያ ሁለቱን ካርቡራቶር እኩል እንዲተነፍሱ ማድረግ አለ፤ ቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ፉጨቱን ያዳምጣል። ምሳ የሚቀርበው ይህ ሲያልቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ።

የዳትሰኗ ሁለቱ ካርቡራቶሮች የእንግሊዞቹን ኤስ ዩ አሠራር ተከትለው ሂታቺ የሠራቸው ናቸው። ውስጣቸው የአየሩ መሳብ ሽቅብና ቁልቁል የሚያንቀሳቅሰው ፒስቶን አለ፤ ከሥሩ ወደ ጫፉ የሚቀጥን መርፌ ይዞ ይነሳል፣ ይወርዳል። የአየሩን መሳሳት በከፊል ራሱ ይከተለዋል። የቀረውን ከሥር ባለች አንዲት ዳዶ ታስተካክላላችሁ፤ የሚቀየር ጂግለር የለም። ጋሼ የሚያደርጉትን ብታዩ ትስቃላችሁ። ሞተሩን አሙቀው፣ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ፒስቶኑን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብድግ ያደርጉታል። ሞተሩ ጩኸቱን ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ከዳዳው አንሷል። ለአፍታ ጨመር ብሎ ከተመለሰ ትክክል ነው። ዳዶዋን ሩብ ዙር አዙረው «አብሽር፣ በቃ» ይሉኛል። ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ።

ባልቮላ (ለሲሊንደሩ አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው መዝጊያ) ማስተካከልም እንዲሁ ነው። የዳትሰኗ ክዳን ተከፍቶ፣ ስስ መለኪያ ብረት ገብቶ፣ ዳዶ ላልቶ ይጠብቃል፤ ሞተሩ ሙቅ እንዳለ የማስገቢያው 0.25፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። የአልፋዋ ግን በካምሻፍቱ ሥር ባለው ኩባያና በባልቮላው ጫፍ መሀል የምትቀመጥ፣ ውፍረቷ የተለካ ቁራጭ ብረት ናት። ክፍተቱ ልክ ካልሆነ ካምሻፍቱ ወጥቶ፣ ቁራጯ ተለክታ፣ በሌላ ውፍረት ትተካለች። ሌላዋ ከሌለ? ጋራዥ ውስጥ በጥንቃቄ ትሞረዳለች፤ ወፍራም ከተፈለገ ደግሞ ዱዓ ነው። ልክ ከሆነች በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ አትነቃነቅም። ይህን አጎቴ በየጊዜው እንድጽፍለት ይፈልጋል፤ ይኸው ጻፍኩ።

ስለዚህ ለመጠገን ቀላሏ ዳትሰን ናት፤ በዚህ አልከራከርም። የደሴ ሰው የተሳሳተው ለመጠገን ቀላል የሆነውን ለመንዳትም ታዛዥ ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

ቁልቁለቱን አስቡት። ከከተማው ወጥታችሁ ጽዱና ባሕር ዛፉ መሀል ትገባላችሁ፤ ክረምት ከሆነ ጉሙ ከፊታችሁ ያለውን ሲኖትራክ ይውጠዋል፣ የምታዩት ቀይ መብራቱን ብቻ ነው። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ከኋላ የቸኮለ ሚኒባስ ክላክስ ይነፋል። ከሥር የሚመጣ ባጃጅ ኩርባ መሀል ይደርባል። ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ስድስት መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ግማሽ ላይ ስትደርሱ በመስኮት የሚገባው ሽታ ከባድ መኪኖቹ ያጋሉት ፍሬን ነው።

እዚህ አልፋዋ ሌላ ፍጡር ናት። አራቱም ጎማዋ የዲስክ ፍሬን ነው፤ ዲስክ ንፋስ ስለሚያገኘው ሙቀቱን ቶሎ ይሰጣል። ካምቢዮዋ ባለ አምስት ማርሽ ስለሆነ በየማርሾቹ መሀል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ሦስተኛ ላይ ሆናችሁ እግራችሁን ብታነሱ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬን የምትነኩት ለማስታወስ ያህል ነው። ኩርባ ውስጥ የኋላዋ የት እንዳለ ሁልጊዜ ይሰማችኋል፤ ደረቁ አክስል ጎማዎቹን አስፋልቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ስለሚይዛቸው አያዘናጋም። የጣሊያን ፖሊሶች ጁሊያን ለዓመታት የነዱት ለውበቷ አይመስለኝም። አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም አብሮት ይደነግጣል፤ ኋላዋ ትዘላለች። እዚያ ዳትሰኗ ትበልጣለች።

ሌላም ጉድለት አላት፦ ሁለተኛ ማርሽ። ጠዋት ካምቢዮው ሳይሞቅ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ብትቸኩሉ ጥርሷን ታፋጫለች፤ ይህ የዚያ ዘመን አልፋ ሁሉ የታወቀ አመል ነው። መድኃኒቱ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ መሀል ላይ ነዳጅ ሰጥቶ ማስገባት ነው። አጎቴ ከባድ መኪና እንደዚያ ሲነዳ ስለኖረ ጉድለት መሆኑን እንኳ አያምንም።

ዳትሰኗ? የፊቷ ፍሬን ዲስክ፣ የኋላዋ ታምቡር ነው። ማርሿ አራት ነው፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ያለው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ አንዳንዱ ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ ይጮኻል፣ ሦስተኛ አይይዝም። ዋናው ነገር ግን ያ የተመሰገነው የኋላ እገዳ ነው። ጎማዎቹ በየራሳቸው ክንድ ስለሚነሱና ስለሚወርዱ ዘንበላቸው ይለዋወጣል። እርጥብ ኩርባ መሀል ደንግጣችሁ ነዳጁን ድንገት ብትለቁ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ኋላዋ ብድግ ይላል፤ ጎማዎቹ መሬት የሚይዙበት ማዕዘን ይበላሻል፤ ከዚያ ጭራዋ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ጉዞ ይጀምራል። መድኃኒቱ ከደመ ነፍስ ጋር የሚጣላ ነው፦ አለመደንገጥ፣ ነዳጁን ትንሽ መልሶ መስጠት፣ መሪውን ወደ ተንሸራተተችበት ማዞር። ጋሼ ይህን በሁለት ጣት ያደርጉታል፤ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ግን ሸሃዳውን ይጨርሳል።

ይህችን ነው እንግዲህ «የሥራ መኪና» የምትሏት።

ሽቅቡ ላይ ደግሞ ደስታው የእሷ ነው። ቀላል ናት፣ ሞተሯ መሽከርከር ይወዳል። ከኮምቦልቻ ሲወጣ ሁለተኛ ላይ አስጩኾ ኩርባውን በነዳጅ ማውጣት አልፋዋ ላይ የማላገኘው ነገር ነው፤ አልፋዋ ሽቅብ ሥራዋን አክብራ ትሠራለች፣ አትጨፍርም። ነዳጅ እስካልለቀቃችሁ ድረስ ያ የኋላ እገዳ ወዳጃችሁ ነው። የአልፋዋን ሽቅብ የሚያሰጋው ሙቀት ነው፤ አሉሚኒየም ሞተር አንዴ ከልኩ በላይ ከጋለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በእሱና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ) ይሄዳል፣ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። አጎቴ ሐረጎ ላይ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ሙቀት መለኪያው ላይ ነው።

የውድድር ታሪካቸውም ከእኔ ጋር ነው። በአሜሪካ ትራንስ አም ውድድር፣ ከ2.5 ሊትር በታች ባለው ምድብ፣ በ1970 ያሸነፈው አልፋ ሮሜዎ ነበር። በ1971ና በ1972 ግን የፒተር ብሮክ ቡድን ያዘጋጃት፣ ጆን ሞርተን የነዳት ዳትሰን 510 አልፋዎቹን አሸነፈች። (አልፋዎቹ ባለ ሁለት በር የጁሊያ እህቶች ነበሩ።) ከዚያ በፊት፣ በ1970፣ እዚሁ ጎረቤታችን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር የወሰዱት በዳትሰን 1600 ኤስ ኤስ ኤስ ነው። ሳፋሪ ማለት አቧራ፣ ጭቃና ወንዝ ነው። በዚያ ላይ ያሸነፈች መኪና ጠንካራ ናት ብሎ ሁሉም ይስማማል፤ ጭራዋን እየወረወረች ያሸነፈች መሆኗን ግን ሰዉ ይዘነጋል።

አንድ ቀልድ ልጨምር፤ እውነተኛ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አልፋ ሮሜዎና ኒሳን ተባብረው አርና የምትባል መኪና ሠሩ። የጃፓኑን ጥንቃቄና የጣሊያኑን ነፍስ አንድ ላይ ያገኛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ አካሏ ተራ የኒሳን ቸሪ፣ ሞተሯ ደግሞ የአልፋ ሆኖ ቁጭ አለ። ዕድሜዋም አጭር ሆነ። ይህን ለሁለቱ ሽማግሌዎች ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ «ሳይጠይቁን ነዋ!»

ዕቃ ማግኘቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ለዳትሰኗ በኤል ሞተር (የራሷ ሞተር ዘር) የሚሄዱ የድሮ ዳትሰን ፒክአፖች ሥጋና ደም ናቸው፤ ተለቅ ያለው የዚያው ዘር ሞተርም ብዙ ሳይጨነቅ ይገባል። ለአልፋዋ ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ካልሆነም ከጣሊያን በሰው እጅ ነው። በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል፤ ቁራጭ ብረት የያዘ ሁሉ ወርቅ የያዘ ይመስለዋል። የኤሌክትሪኮቹ መኪኖች ሐረጎን ሲወርዱ ባትሪያቸውን እየሞሉ ነው የሚወርዱት፤ ይህን ስነግረው አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «ድምፁስ?» አለኝ።

የትኛዋን ትወስዳለህ ላላችሁኝ፦ ሚስትና ልጆች ይዤ በክረምት የምወርድ ከሆነ አልፋዋን፣ ሳላወላውል። ብቻዬን ከሆንኩና አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ የጋሼን በር አንኳኳለሁ። ለመግዛት ግን ዳትሰኗን እገዛለሁ፤ እሑዴን በሐላዋ ቆርቆሮ ላይ ማሳለፍ አልችልም። ገዝቼም መጀመሪያ የማደርገው ከኋለኞቹ ፒክአፖች ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ፈልጎ መግጠም ነው፤ ትራስሚሲዮኑን (ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ) ማሳጠርና መያዣውን መበየድ ይጠይቃል እንጂ ይገባል። ያ የሁለተኛና የሦስተኛ ጉድጓድ ከተሞላ ቁልቁለቱ ላይ ግማሽ ጨዋ ትሆናለች።

ግዢ ያሰባችሁ ልጆች ደግሞ ይህን ብቻ ልብ በሉ። ገበያ ላይ «ኤስ ኤስ ኤስ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው፣ ውስጣቸው ተራ የሆኑ 510ዎች አሉ። ፊደሉን አትመኑ። ኮፈኑን ክፈቱና ካርቡራቶሩ ሁለት መሆኑን እዩ፤ ከዚያ ካርቶን አንጥፋችሁ ከኋላ ሥሯ ግቡ። የምታዩት ባልስትራ (ተደራራቢ ጠፍጣፋ ብረት) ከሆነ ሻጩን አመስግናችሁ ተነሱ፤ ለየብቻው የተንጠለጠለ ክንድና ሞላ ካያችሁ ግን ስለ ዋጋ መነጋገር ትችላላችሁ።